ባቡሩ ፊቱን በሚያዞርበት ጣቢያ

በእኛ በናራሳዋ ጣቢያ በፊቱ የገባ ባቡር ሁሉ በጀርባው ነው የሚወጣው። ከተራራው የሚወርደው ሐዲድና ወደ ከተማው የሚሄደው ሐዲድ በአንድ ወገን ስለሚገቡ፣ ባቡሩ መጥቶ ይቆምና ጭራ የነበረው ራስ ሆኖ ይሄዳል። ተሳፋሪው ይህን ለምዶታል። ባቡሩ እንደቆመ ሁሉም ብድግ ብሎ የወንበሩን መደገፊያ ወዲያ ይገፋና ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቀመጣል። ልጅ ያዘለች እናት እንኳ በአንድ እጇ ታዞረዋለች። ነጂው ደግሞ የፍሬኑን እጀታ ነቅሎ ይዞ ሰው የሚሳፈርበትን መድረክ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ያለዚያ እጀታ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ሰው አንድ ጎድጓዳ ሶባ፣ ያንን እንደ ፓስታ ያለ ምግብ፣ ሾርባው አፉን እየለበለበው፣ ቆሞ በልቶ የሚጨርስበትን ጊዜ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሁለተኛው መድረክ ላይ ሶባ የምሸጠው እኔ ቶሜ ነኝ። ሰው ቆሞ ሲበላ ምላሱ ይፈታል። በዚህ ሸለቆ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ከመቅደሱ መነኩሴ ቀድሜ የምሰማው ለዚህ ነው።

የኩኒዮንና የሳዬኮን ነገር ግን ከማንም አልሰማሁትም። እዚሁ ዓይኔ ሥር ነው የበቀለው።

ኩኒዮ የሟቹ የሃታዳ ልጅ፣ የዚህ ባቡር ነጂ ነው። አባቱም የባቡር ሰው ነበር፤ በአንድ ክፉ ክረምት ከሐዲድ ላይ በረዶ ሲጠርግ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቱ እማማ ኢሺ በሰው ቤት ልብስ እየሰፋች፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለች ጎጆ፣ አንድ ልጇን አሳደገች። ልጁም አላሳፈራትም። ምራቁን የዋጠ፣ ሥራውን አክባሪ፣ መልኩም የሚጠላ አይደለም። አንድ ችግር አለበት፤ ቃል ከአፉ በጉጠት ካልሆነ አይወጣም።

ሳዬኮ ደግሞ የኩሮሳኪ ልጅ ናት። ከሸለቆው ራስ ላይ ነጭ ግንብ ያለውን፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ የሚጠመቅበትን ቤት ያየ ሰው የእነማን እንደሆነ አይጠይቅም። ለአባቷ ለአቶ ገንፓቺ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የቤቱን ጉዳይ ለመጨረስ በየሳምንቱ ወደ ከተማ ትወርዳለች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው በመድረኩ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ኩኒዮ እጀታውን ይዞ ሲያልፍ በዚያው ነው የሚያልፈው።

ነጂ በሥራ ላይ ሳለ ከተሳፋሪ ጋር ወግ አይይዝም፤ ደንብ ነው። ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ የሚያረጋግጠውን ነገር ሁሉ በጣቱ እያመለከተ፣ ጮክ ብሎ ይጠራል። «በር፣ ተዘግቷል! መብራት፣ አረንጓዴ!» በጣት ያመለከቱትና በአፍ የጠሩት ነገር አያሳስትም ይላሉ የባቡር ሰዎች። ስለዚህ ያ ፍቅር ሁለት ዓመት የኖረው በመስኮት መስታወት ነው። እሱ እዚያ መስኮት ጋ ሲደርስ እርምጃውን ቀስ ያደርጋል፤ እሷ ትንሽ ቀና ትላለች፤ በቃ። እኔ ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ አየዋለሁ፣ ልቤም ቅቤ ይጠጣል።

ኩኒዮ እረፍት በሚሆንበት ቀን ደግሞ ሶባዬ በድንገት ይጣፍጠውና ከቤቱ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ይመጣል። የሳዬኮ ባቡር በሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። እሷም ወርዳ ከጎኑ ትቆማለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ቶሜ፣ ይሄ ሰው ከመብራቱና ከሐዲዱ ጋር እንደዚያ እየጮኸ ያወራል። ለሰው ሲሆን ድምፁ የት ነው የሚገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጎንሽ ቆሟል፣ ጠይቂው እንጂ» አልኳት።

ኩኒዮ ከጎድጓዳው ቀና ሳይል፣ «መብራት አይመልስም» አለ። ሾርባውን ፉት ብሎም፣ «ሰው ግን ይመልሳል። ያስፈራል» አለ።

ሳዬኮ በጣም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ባቡሩ ሊሄድ ሲል እየሮጠች ተሳፈረች፣ ሶባዋን አልነካችውም ነበር። እሱ የእሷን ጎድጓዳ ወደ ራሱ ሳበና የበረደውን ሾርባ እስከ ጠብታው ጠጣው። እኔ ያኔ ነው ልጁ በፍቅር እንዳበቃለት ያወቅኩት።

*

በኩሮሳኪ ቤት ወንድ ልጅ አይበቅልም። ሦስት ትውልድ ሙሉ የተወለደው ሴት ብቻ ነው። ቤቱ ስሙን ያቆየው አማች ከውጭ እያስገባ ነው። ልጅቷን የሚያገባው ሰው እዚያ ቤት ገብቶ ይኖራል፣ የአባቱን ስም ትቶ ኩሮሳኪ ይባላል፣ ሲሞትም ከኩሮሳኪዎች ጋር ይቀበራል። በእኛ አገር ያለ ነገር ነው። ግን ለእንዲህ ያለው የሚፈለገው ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ነው፤ ቤት የሚወርስ ታላቅ ወንድም ያለው። ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ የአባቱን ስም ትቶ ከሄደ፣ ያ ስም በዚያው አለቀ ማለት ነው።

በመከር ወራት ኩኒዮ ያለ የሌለውን ልብስ ለብሶ ሳዬኮን ለጋብቻ ሊጠይቅ ወደ ኩሮሳኪ ቤት ወጣ። አቶ ገንፓቺ መግቢያው ላይ ተቀብለው ቁልቁል እያዩት፣ «ቤቴ ክፍት ነው» አሉት። «የሚገባ ሰው ግን ጫማውንም ስሙንም በሩ ላይ አውልቆ ነው የሚገባው።»

ኩኒዮ ሳዬኮን አየ። ሳዬኮ አቀርቅራ ሰሌኑን አየች። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ኩኒዮ እጅ ነሥቶ ተመለሰ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ግን ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ። እሱ መጥቶ፣ «የአባቷን ሐሳብ ባትቀበል ኖሮ አንድ ቃል ትል ነበር» አለኝ። እሷ በሌላ ቀን መጥታ፣ «ስሙ ከእኔ ይበልጥበታል፣ አንድ ቃል እንኳ አላለም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የሷን ለሱ፣ የሱን ለሷ ነገርኩ። «እርስዎ እኔን ለማጽናናት ብለው ነው» አለ እሱ። «እትዬ ቶሜ ደግ ስለሆኑ ነው» አለች እሷ። ደግ አለመሆኔን ሸለቆው በሙሉ ይመሰክራል፤ ለማን ላስረዳ!

ከዚያ ወዲህ ሳዬኮ መቀመጫዋን ቀየረች። በሩዝ መጋዘኑ በኩል፣ መድረኩ ከማይታይበት ወገን መቀመጥ ጀመረች። ኩኒዮ ግን እዚያ መስኮት ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው እርምጃውን ቀስ ያደርጋል። መስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ እያነበቡ ቢቀመጡም እንኳ። ያ ነገር አንጀቴን በላው።

*

ከዚያ ወሬው ወረደ። ወይዘሮ ሱጊኖ የምትባል የትዳር ደላላ ለኩሮሳኪ ቤት አማች አገኘች፤ በከተማ የወረቀት ነጋዴ ሁለተኛ ልጅ፣ የተማረ፣ ስሙን ለመለወጥ ምንም የማይከፋው። ልጁና ሳዬኮ የሚተያዩበትም ቀን ከቀን መቁጠሪያው ላይ መልካም ቀን ተብሎ ተመረጠ። በሥራ ተራው መሠረት የዚያን ቀን ባቡሩን ከተራራው አውርዶ ከተማ የሚያደርሰው ኩኒዮ ነበር።

«ከባልደረባህ ጋር ቀን ቀይር» አልኩት ዋዜማውን።

«ምን ብዬ?»

«ሆዴን አሞኛል በላ!»

«እትዬ ቶሜ፣ እኔ ሆዴን አሞኝ አያውቅም» አለ። ውሸት እንኳ ሲሰጡት መቀበል የማይችል ሰው ነው።

ይህን ስንባባል እማማ ኢሺ መጣች። ውጭ መብላት ብክነት ነው የምትል ሴት ናት፤ እዚህ ባንኮኒ ጋ ቆማ አይቻት አላውቅም። ከልጇ ጎን ቆማ አንድ ሶባ አዘዘች። ሁለት ጉርሻ ያህል ከበላች በኋላ መብያ እንጨቷን አስቀመጠችና፦

«ኩኒዮ፣ ስሙን ለማን ነው የምትጠብቀው?» አለችው።

«ለአባባ።»

«አባትህ አሁን ብርድ አይሰማውም። አንተ ግን ከስተሃል፤ ኮትህ ሰፍቶሃል፣ በመርፌ የማጠበው እኔ ነኝ።»

«እማማ፣ መቃብሩስ?»

«እኔ እስካለሁ አረሙን እነቅላለሁ። ከእኔ በኋላ ኩሮሳኪ የሚባል ሰው መጥቶ ቢነቅለው፣ ድንጋዩ መታወቂያ አይጠይቅም።» መብያዋን አነሣች። «ይልቅ ይሄ ሾርባ ጨው በዝቶበታል፣ ቶሜ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እሟገታት ነበር፤ ያን ቀን ሙቅ ውኃ ጨመርኩላት። ኩኒዮ አቀርቅሮ በላ። እንባው ጎድጓዳው ውስጥ ሲወርድ አየሁና ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

እናቱ ከሄደች በኋላ፣ «እንግዲህ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«እሷ ካልፈለገችኝ ስሜን ለማን ነው የምሰጠው?» አለ።

*

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ዳምኖ፣ የመጀመሪያው በረዶ ልውረድ አልውረድ ይል ነበር። ባቡሩ በሰዓቱ ገባ። የኩሮሳኪ ሰዎች በሦስተኛው ፉርጎ፣ በመድረኩ በኩል ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ሱጊኖ ሻይ መግዛት ስለፈለገች ነው። እጇን አውጥታ ጠራችኝ። ሻዩን በማንቆርቆሪያው ይዤ መስኮቱ ሥር ደረስኩ።

ሳዬኮ ያን ቀን ያማረችውን ማማር እግዜር ያውቀዋል። የኪሞኖዋ ቀለም የበሰለ ካኪ የሚባለውን ፍሬ ይመስላል። ፊቷ ግን ወረቀት ነበር። አባቷ ጥቁር የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ደረታቸውን ነፍተዋል። ፉርጎው ውስጥ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወንበሩን እያገላበጠ ነው። ሳዬኮ አልተነሣችም።

«ተነሺ፣ ላዙረው» አሏት አባቷ።

«ይቅር፣ አባባ። እንዲህ ይሻለኛል።»

«በጀርባሽ ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«የኔ እመቤት፣ በጀርባ መሄድ ያጥወለውላል» አለች ወይዘሮ ሱጊኖ። «ልጁ ፊት ቀርበሽ ልታስመልሺ ነው?»

ሳዬኮ የባቡሩ ፊት ወደነበረበት፣ አሁን ጭራ ወደሆነው አቅጣጫ ታያለች። ከዚያ በኩል የኩኒዮ ድምፅ ተሰማ። «እጀታ፣ ተነቅሏል! በር፣ ተቆልፏል!» ከዚያ እርምጃው።

እየመጣ ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጀታውን በግራ እጁ ይዞ፣ ፊት ፊቱን እያየ። የመጀመሪያውን ፉርጎ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ። መስኮቷ ጋ ደረሰ። እኔ ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

አለፋት። እርምጃውን እንኳ ቀስ አላደረገም።

ሳዬኮ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ማን ላይ እንደተናደድኩ ሳላውቅ ተናደድኩ፤ በእሱ፣ በአባቷ፣ በራሴም። ማንቆርቆሪያዬ አዘንብሎ ሻዩ ጫማዬን አራሰው።

ኩኒዮ ሁለት መስኮት አልፎ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። የጣቢያው ሹም ከወዲያ ጫፍ፣ ምን ነካው በሚል አንገታቸውን አሰገጉ። ኩኒዮ ዞረ። ተመልሶ መጣና መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ለአቶ ገንፓቺ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሣ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ። ያን ጊዜ ያ ምስኪን ልጅ የሚያውቀው አንድ ጮክ ያለ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው በሥራ ድምፁ፣ ነጭ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ ልጅቷን እያመለከተ፣ መድረኩ በሙሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«ሳዬኮ! ያን ቀን፣ ዝም ያልኩት፣ ቃልሽን ጠብቄ ነው!» ጣቱን ወደ ደረቱ አዞረ። «ስም፣ እሰጣለሁ! ከእናቴ፣ ተፈቅዷል! ልክ!»

አንድ ተሳፋሪ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ኩኒዮ ራሱ ያደረገውን የሰማው ከጨረሰ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ በርበሬ ሆነ። ጣቱ ግን ደረቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

ሳዬኮ መስኮቱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ገፋችው።

«እኔም ያንተን ነው የጠበቅኩት!» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሞኝ! ሁለታችንም! እኔ እኮ አንድ ቃል ብትለኝ ጫማዬን ሳላጠልቅ እከተልህ ነበር!»

«ሳዬኮ!» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ ኩኒዮ ዞሩ። ግንባራቸው ተቋጥሯል። «አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ጭነህ ቆመህ ታወራለህ? ባቡርህን ንዳ!»

«እነዳለሁ፣ ጌታዬ» አለ ኩኒዮ፣ አሁን በራሱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሚጠብቅዎት ሰው አለ። ያለ ጥፋቱ ቆሞ እንዲቀር አላደርግም። በሰዓቱ አደርስዎታለሁ።»

ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ። አልሮጠም፣ ግን እርምጃው ሰፊ ነበር።

ወይዘሮ ሱጊኖ ማራገቢያዋን በዚያ ብርድ ታራግብ ጀመር። አቶ ገንፓቺ ልጃቸውን አዩዋት። «መውረድ ትፈልጊ እንደሆን በሩ እዚያ ነው። ይዤ አላስቀርሽም» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ሌላ ነገር ነበረበት፣ ያኔ አልገባኝም።

እኔ በልቤ፣ ውረጂ፣ የኔ ልጅ፣ ውረጂ እላለሁ። ሳዬኮ ተነሣች። የኪሞኖዋን እጅጌ ሰበሰበች። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ወዲያ ገፋችው፣ ዞራም ፊቷን ኩኒዮ ወደሄደበት አድርጋ ተቀመጠች።

«ለምን እወርዳለሁ?» አለች። «የሚነዳው እሱ ነው እኮ።»

የቀረውን ሻይ ከነማንቆርቆሪያውና ከነስኒው በመስኮቱ አቀበልኩ። የጣቢያው ሹም እጃቸውን አነሡ። ከፊተኛው ፉርጎ፣ «መብራት፣ አረንጓዴ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ የሁልጊዜው ድምፅ፣ አንድም ቦታ ሳይንቀጠቀጥ። ኩኒዮ የሚወዳትን ልጅ ሌላ ሰው ሊያያት ወደሚጠብቅበት ከተማ ይዟት ሄደ። እኔ ምድጃዬ ጋ ተመልሼ፣ ለሽንኩርቱ ነው እያልኩ አለቀስኩ።

*

ያ ከሰዓት አልገፋ አለኝ። ለአንዱ ደንበኛ ሾርባ ያለ ሶባ፣ ለሌላው ሶባ ያለ ሾርባ ሰጠሁ። እማማ ኢሺ መጥታ ባንኮኒው ጥግ ቆመች፤ ምንም አላዘዘችም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ሬዲዮ አያስፈልገንም፣ የመድረኩ ወሬ ከእሷ ቤት ደርሶ ነበር።

«ጮኸ አሉ» አለችኝ።

«ጮኸ።»

«አባቱም እኔን ሲጠይቀኝ ጮኾ ነው» አለች፤ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማ የሚመለሰው ባቡር ገባ። የኩኒዮ ሥራ እዚህ ያበቃል፤ ወደ ተራራው የሚያወጣው ሌላ ነጂ ነው። እጀታውን ለተረኛው አስረክቦ መድረኩ ላይ ቆመ። ወደ ሦስተኛው ፉርጎ ማየት አቅቶት ጫማውን ያያል።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረዱት አቶ ገንፓቺ ናቸው፣ ከኋላቸው ሳዬኮ። ወይዘሮ ሱጊኖ አልወረደችም፤ ወንበሯን ብቻዋን አዙራ፣ አፍንጫዋን ወደ ሩዝ መጋዘኑ አድርጋ ተቀምጣለች። አቶ ገንፓቺ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት በመድረኩ ሲያልፉ ሶባዬን ዞር ብለው አይተውት አያውቁም።

«ቶሜ፣ ለሁላችንም» አሉ። «ለዚያም ለቆመው።»

ኩኒዮ መጣ። እናቱን ባየ ጊዜ ይበልጥ ተጨነቀ። ባንኮኒው ላይ ተሰለፉ፤ አቶ ገንፓቺ፣ ሳዬኮ፣ ኩኒዮ፣ እማማ ኢሺ። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሳላውቅ ሶባ ልቀቅል ነው? ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅሁ።

«እና ልጁ እንዴት ነው? መልከ መልካም ነው?»

«ጥሩ ልጅ ነው» አለች ሳዬኮ። «ሌላ ሰው እንደምወድ ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። 'ገባኝ' አለኝ። ከዚያ የቀረበውን ዓሣ አንድም ሳያስቀር በላ።»

«የእኔንም ጭምር» አሉ አቶ ገንፓቺ። «እኔ አልበላ ብሎኝ ነበር።»

ጎድጓዳዎቹን አቀረብኩ። አቶ ገንፓቺ አልነኩትም፣ እጃቸውን እንፋሎቱ ላይ እያሞቁ ቆዩ።

«ሻይ ገዝተን ነበር፣ ከዚህች ሴት» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ከዚህ ስንነሣ ስኒውን ጢም አድርጌ ሞላሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። የተናደደ ሰው እየነዳ ነው፣ ፍሬኑን ሲይዝ ይፈስሳል፣ ያኔ ለልጄ አሳያታለሁ ብዬ። ገደሉን ወረድን፣ ዋሻውን አለፍን፣ ድልድዩን ተሻገርን።» ጣታቸውን በጎድጓዳው ከንፈር ላይ አዞሩ። «አልፈሰሰም። ጠብ አላለም። ልጄን ለሌላ ሰው እያደረሰ!»

ኩኒዮ፣ «ሌሎች ተሳፋሪዎችም ነበሩ፣ ጌታዬ» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርህ።» ወደ እሱ ዞሩ። «የአባትህ ስም ማን ነበር?»

«ሃታዳ ኢሳኩ።»

«ሃታዳ ኢሳኩ» አሉ እሳቸው፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ለእማማ ኢሺ እጅ ነሡ፤ ያ ነጭ ግንብ ያለው ሰው፣ ለልብስ ሰፊዋ። «እመቤቴ፣ አንድ ልጅዎን ስሙን አስትቼ እወስዳለሁ። ድፍረት ነው። ግን ሁለተኛው ልጃቸው ሃታዳ ይባል። ወንድም ይሁን ሴት። ቤትዎን እሱ ያቁም።»

እማማ ኢሺ መሀረቧን ፈልጋ አጣችው፣ በእኔ የምድጃ ጨርቅ ፊቷን ጠረገች። ሳዬኮና ኩኒዮ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ፣ ከባንኮኒው በታች እጅ ለእጅ ሲያያዙ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም።

ባቡሩ ወይዘሮ ሱጊኖን ይዞ ሄደ። ያ ሲያመነታ የዋለው በረዶም ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። አቶ ገንፓቺ ሾርባውን አንድ ጊዜ ፉት አሉ።

«እኔም በዚያ በር የገባሁ ነኝ» አሉ። «ሃያ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ። የሚስቴ አባት ያሉኝን ነው ያልኩህ፣ ቃል በቃል። ሌላ አባባል አላውቅም ነበር።»

ይህን ሸለቆው ያውቃል። ግን እሳቸው ከዚያ በፊት ኩሮሳኪ ያልነበሩበት ዘመን መኖሩን ማንም አስቦት አያውቅም፤ እኔ ወሬኛዋ እንኳ። ሳዬኮ የኩኒዮን እጅ ለቀቀችና ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባባ፣ የእርስዎስ ስም ማን ነበር?»

አቶ ገንፓቺ መብያቸውን አስቀመጡ። ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «እናትሽም።» ወደ በረዶው ዞሩ። «ሚዮሺ። ሚዮሺ ገንፓቺ ነበር የምባለው።»

ሳዬኮ ፊታቸውን በደንብ አየች። ከዚያ፣ ሰው ከሩቅ የሚወደውን ሲጠራ እንደሚጠራው፣ በቀስታ ጠራቻቸው።

«ሚዮሺ ገንፓቺ።»

የኩሮሳኪው ጌታ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እናቱ ከበር ሆና እንደጠራችው ሕፃን፣ «አቤት» አሉ።